በዓሣ ገንዳ መውረጃ ቧንቧ ውስጥ አየር የሚገባበት ምክንያትና ማስተካከያው

በጂቡቲ ከተማ መካከል የሚገኘውና በዳግማዊ ምኒልክ ስም «ሜኔሊክ አደባባይ» ሲባል የኖረው ሥፍራ፥ ጂቡቲ ነፃ አገር ከሆነችበት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከጁን 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ወዲህ የዚያን ቀን ስም ይዟል፤ የከተማው ሰው ግን በአሮጌው ስም መጥራቱን አልተወም። በአደባባዩ ዙሪያ በነጭ የተቀቡ፥ ባለ ቅስት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ቆመዋል፤ ከሥራቸውም ቡና ቤቶችና ሱቆች አሉ። ባሕሩ ሩቅ አይደለም። የታጁራ ባሕረ ሰላጤም በሙሻና በመስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ባለው የዛጎል ድንጋይ መካከል ብዙ ዓይነት ባለ ቀለም ዓሣ ይመግባል። ስለዚህ በዚህ ከተማ የሚኖር ሰው በቡና ቤቱ ወይም በእልፍኙ ውስጥ የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ ማኖር ቢያምረው የሚያስደንቅ አይደለም።

ገንዳው ከተተከለ በኋላ ግን ብዙ ሰው በሁለት ነገር ይቸገራል። አንደኛው ድምፅ ነው። ቀን የሰውና የመኪና ጫጫታ ሸፍኖት ይውልና ሌሊት መንገዱ ጭር ሲል ቧንቧው እንደ ታረደ ሰንጋ ያጓራል፤ ጥቂት ዝም ይላል፤ ደግሞ ውኃውን ባንድ ጊዜ ስቦ ይውጣል፤ እንደ ገናም ያጓራል። ሁለተኛው የውኃው መልክ ነው። እንደ ብርጭቆ ጥሩ መሆን ሲገባው አጓት የፈሰሰበት ይመስላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው በመውረጃው አፍ ላይ ጨርቅ መወተፍ ነው። ጨርቁ በእውነት ድምፁን ያጠፋል፤ ነገር ግን ውኃው ከገንዳው አፍ ተርፎ ወለሉን የሚያጥለቀልቅበትን ሌሊት ያቀርባል።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የገንዳውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ዓሣው የሚኖርበት ትልቁ ገንዳ ከላይ ነው። ከሥሩ በሣጥን ውስጥ ተሰውሮ ሁለተኛ፥ ትንሽ ገንዳ ይቀመጣል። ከላይኛው ገንዳ ተርፎ የሚፈሰው ውኃ በአንድ ጥግ ወዳለው ጠባብ ክፍል ይወርዳል፤ ከዚያም በቆመ ቧንቧ ወደ ታችኛው ገንዳ ይሄዳል፤ በዚያ ይጣራል፤ በመጨረሻም ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ፓምፑ በሰዓት ይህን ያህል ሊትር ከሰቀለ፥ መውረጃውም ያንኑ ያህል ማውረድ ግዴታው ነው። በሁለቱ መካከል የአንዲት ሲኒ ያህል ልዩነት በየደቂቃው ቢኖር፥ ልዩነቱ ተጠራቅሞ ከሌሊቱ እኩሌታ በፊት በወለሉ ላይ ይታያል።

ውኃው ሳያቋርጥ መዞሩ ለጌጥ አይደለም። ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው፤ ውኃ ደግሞ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል። የባሕር ውኃ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን በአንድ ሊትር ውስጥ 7.4 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን 6.2 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። የጂቡቲ የበጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ ያለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠ ገንዳ ከ30 ዲግሪ በታች መቈየቱ አጠራጣሪ ነው። በኢትዮጵያ ሐይቆች የሚገኘው አምባዛ አፉን ከውኃ በላይ አውጥቶ አየር ለመተንፈስ የሚያስችል ልዩ አካል ስላለው ውኃው ቢበላሽም ይታገሣል፤ ቆሮሶም ጥቂት ኦክሲጅን ባለበት ውኃ መቈየት ይችላል። በሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም በአንድ ገበሬ ኩሬ እነዚህን ያየ ሰው ዓሣ ሁሉ እንዲህ ጠንካራ ነው ብሎ ይገምት ይሆናል። የዛጎል ድንጋይ ዓሣ ግን እንዲህ አይደለም። መውረጃው ታፍኖ ወይም ፓምፑ አየር ውጦ የውኃው ዙረት ቢቋረጥ፥ በሞቃት ሌሊት ውስጥ የሚጠፋው የባለቤቱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከባሕር አውጥቶ ኀላፊነቱን የወሰደበት ፍጥረት ነው።

አሁን ወደ አየሩ እንመለስ። በቆመ ቧንቧ የሚወርድ ውኃ ቧንቧውን ሞልቶ የሚወርድ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። ውኃው ጥቂት ሲሆን የቧንቧውን ግድግዳ እየላሰ በቀጭኑ ይወርዳል፤ መካከሉም ባዶ ሆኖ አየር ይዞ ይቀራል። ይህ ዓይነቱ አወራረድ ጸጥ ያለ ነው። ውኃው ሲበዛ ግን ከግድግዳው የተላቀቀው ጠብታ መካከለኛውን አየር እየጐተተ ይወርዳል፤ ከታች ሲደርስም ውኃና አየር ተደባልቀው አረፋ ይሆናሉ። ከዚህም በላይ ሲበዛ ውኃው ቧንቧውን ፈጽሞ ይሞላውና አየር መግቢያ ያጣል፤ በዚህ ጊዜ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ በክብደቱ የላይኛውን እየሳበ እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል። ይህ የሳይፎን አወራረድ ነው፤ እርሱም ጸጥ ያለ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ዳርቻዎች ጸጥተኞች ሲሆኑ፥ የሚያጓራውና አየር የሚያጓጕዘው መካከለኛው ነው።

ይህን በቍጥር ማየት ይጠቅማል። የቤት ቧንቧ የሚሠሩ መሐንዲሶች የቆመ መውረጃ ቧንቧ ከአንድ ሦስተኛው በላይ በውኃ እንዳይሞላ፥ የቀረው ለአየር መመላለሻ እንዲተው ይደነግጋሉ። በዚህ ሒሳብ ውስጡ 25 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ በሰዓት 800 ሊትር ገደማ በጸጥታ ሊያወርድ ይችላል። ያው ቧንቧ 80 ሳንቲሜትር ያህል ቍልቍለት ኖሮት ፈጽሞ ቢሞላ ግን 3,000 ሊትርና ከዚያም በላይ ያወርዳል። የገንዳው ፓምፕ በሰዓት 2,000 ሊትር የሚሰቅል ቢሆን ምን ይሆናል? ለመጀመሪያው አወራረድ ውኃው በዛ፤ ለሁለተኛው ደግሞ አነሰ። ስለዚህ ቧንቧው እየሞላ ሳይፎን ይጀምርና ከሚመጣለት በላይ ይወስዳል፤ በጥጉ ክፍል ያለው ውኃ ይጐድላል፤ የቧንቧው አፍ ከውኃ በላይ ሲቀር አየር እየጮኸ ይገባል፤ ሳይፎኑ ይበጠሳል፤ ውኃው ደግሞ ይሞላል። ባለቤቱ ሌሊት የሚሰማው መጓራትና መዋጥ ይኸው ነው። የቧንቧው መበላሸት አይደለም፤ መጠኑ ከፓምፑ ጋር አለመስማማቱ ነው።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ማስተካከያ ቀላል ነው። 25 ሚሊሜትሩን አውጥቶ ውስጡ 40 ሚሊሜትር የሆነውን መትከል ነው፤ ይህ በዚያው የአንድ ሦስተኛ ደንብ በሰዓት ከ2,500 ሊትር በላይ በጸጥታ ያወርዳል። በቧንቧው ራስ ላይ ጎሚቶ ወደ ታች ታጥፎ ይገጠማል፤ አፉም ከውኃው ወለል በታች ስለሚውል አየርን በአዙሪት አይስብም። ነገር ግን ጎሚቶው ብቻውን ቢገጠም ሳይፎን ይፈጠራልና፥ በጫፉ ላይ ባለው ክዳን ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል። በዚህ ቀዳዳ የሚገባው አየር ሳይፎኑ እንዳይጀምር ያደርገዋል። ቀዳዳው ሲጠብ መዋጡ ይመለሳል፤ ሲሰፋ ደግሞ ያፏጫል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከሁለት ሚሊሜትር ያልበለጠ በስቶ፥ እያዳመጡ ጥቂት በጥቂት ማስፋት ነው። የበሳውን ቀዳዳ መልሶ ማጥበብ ከማስፋት ይልቅ አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ክዳኑ ርካሽ ስለ ሆነ አዲስ መግዛት ይቻላል።

ቧንቧውን ማስፋት የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ የመስታወቱ ቀዳዳ አስቀድሞ ተበስቷልና። በዚህ ጊዜ ወደ ሌላው ዳርቻ መሄድ፥ ማለት ቧንቧውን ፈጽሞ መሙላት ይሻላል። በመውረጃው የታችኛ ጫፍ አጠገብ ሳራቺኔስካ ይገጠማል፤ ባለቤቱም ውኃው በጥጉ ክፍል ውስጥ ከቧንቧው አፍ በላይ ሆኖ እስኪረጋ ድረስ ጥቂት በጥቂት ይዘጋዋል። ሳይፎኑ ሳይበጠስ ይሠራል፤ አየርም አይገባም። ባንድ እጀታ የሚከፈተውና የሚዘጋው የሉል ቫልቭ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ጥቂት ሲነካ ብዙ ያንቀሳቅሳልና። ዙሩ ብዙ የሆነው ሳራቺኔስካ ነው የሚሻለው፤ በጨው ውኃ ውስጥም የብረቱ ሳይሆን የፕላስቲኩ።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ጥብቅ ደንብ አለ። ሳራቺኔስካ የተገጠመበት መውረጃ ብቻውን አይተከልም። ቀንድ አውጣ ወይም ቅጠል ወደ ቧንቧው ገብቶ በጠበበው ሥፍራ ቢወተፍ፥ ማምለጫ የለውም። ስለዚህ ከጐኑ ሁለተኛ ቧንቧ፥ አፉ ከመጀመሪያው ጥቂት ከፍ ብሎ፥ ያለ ምንም መዝጊያ ይቆማል። በደኅናው ጊዜ ጥቂት ውኃ ብቻ ግድግዳውን እየላሰ ይወርድበታል፤ ይህም የመጀመሪያው በትክክል እንዲመጠን ይረዳል። የመጀመሪያው ሲታፈን ሁሉን ተሸክሞ ቤቱን ያድናል፤ በዚያ ሰዓት ይጮኻል፤ ጩኸቱም ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥንቃቄ የሚወዱ ሰዎች ከሁለቱም በላይ ሦስተኛ ቧንቧ ደረቅ አድርገው ያቆማሉ። ገንዳው ሆቴል ወይም መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆነና ሌሊት የሚያየው ሰው ከሌለ፥ ሦስተኛው ትርፍ ወጪ ሊባል አይገባም።

የታችኛው ጫፍም ነገር አለው። ቧንቧው ከታችኛው ገንዳ ውኃ በላይ ቢቀር ውኃው እየዘለለ አረፋ ይሠራል፤ በጣም ጠልቆ ቢገባ ደግሞ በቧንቧው ውስጥ የተያዘው አየር መውጫ አጥቶ መጀመሪያ ላይ ሳይፎኑ እንዲዘገይ ያደርጋል። ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲሜትር ያህል መጥለቁ በቂ ነው። እንዲሁም ቧንቧው በመንገዱ ላይ አግድም የተኛበት ወይም ሽቅብ የተመለሰበት ሥፍራ ካለ፥ አየር በዚያ ተሰብስቦ እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። ለመልክ ተብሎ በማዕዘን የተጠመዘዘ መውረጃ በሚያምርበት መጠን ያስቸግራል። ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ የሚያዘቀዝቅ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውኃው አሁንም አጓት ቢመስል አየሩ የሚመጣው ከሌላ ሥፍራ ነው ማለት ነው። ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ከታችኛው ገንዳ፥ ፓምፑ ከሚስብበት ክፍል፥ በንጹሕ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ በብርሃን ፊት ማየት ነው። ውኃው ነጭ ሆኖ ከሥር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ የነጣው በአየር ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከጠራና በብርጭቆው ሥር ደቃቅ ነገር ከቀረ አሸዋ ወይም ኖራ ነው። ይህ ፈተና ለዓሣ ገንዳ ብቻ ሳይሆን በቤት ቧንቧ ለሚመጣ ነጭ ውኃም ያገለግላል። በብርጭቆው የተቀዳው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ከፓምፑ ወጥቶ ወደ ላይኛው ገንዳ የሚገባው ግን ነጭ ከሆነ፥ ጥፋቱ በመውረጃው ሳይሆን በፓምፑ ወይም በመሳቢያው ነው።

በብርጭቆው የተቀዳው ነጭ ከሆነ ግን አረፋው በታችኛው ገንዳ ሳይጠፋ እያለፈ ነው። በዚህ ረገድ የጨው ውኃ ከጨው አልባው ይለያል። በጨው አልባ ውኃ ውስጥ ትንንሽ አረፋዎች ሲገናኙ ተዋሕደው ትልቅ ይሆናሉ፤ ትልቁም ፈጥኖ ወደ ላይ ይወጣል። በባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ጨው ግን አረፋዎች እንዳይዋሐዱ ይከለክላቸዋል፤ ስለዚህ ደቃቅ እንደ ሆኑ ይቀራሉ። በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ለሐይቅ ዓሣ ያለ ችግር የሠራ ገንዳ፥ በጂቡቲ በባሕር ውኃ ሲሞላ ጭጋግ የሚለብሰው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሚሊሜትር ስፋት ያለው አረፋ በሴኮንድ 20 ሳንቲሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ የሆነው ግን ግማሽ ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። ውኃው ከዚህ ፈጥኖ ወደ ታች ከወረደ አረፋውን ይዞት ይሄዳል።

ለአረፋ ማጥፊያ በታችኛው ገንዳ ውስጥ መስታወቶች ተደራርበው ቆመው ውኃው በመካከላቸው ወጥቶ ወርዶ ያልፋል። ብዙ ሠሪዎች ክፍተቱን 3 ሳንቲሜትር ያደርጉታል። ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር ቢሆን የመተላለፊያው መጠን 90 ካሬ ሳንቲሜትር ነው፤ በሰዓት 2,000 ሊትር ሲያልፍበት ውኃው በሴኮንድ ከ6 ሳንቲሜትር በላይ ይሮጣል። ክፍተቱ 10 ሳንቲሜትር ቢደረግ ሩጫው ከ2 ሳንቲሜትር በታች ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ ሩብ ሚሊሜትር የሚያህለው አረፋ ሽቅብ ለመውጣት ፋታ ያገኛል። ከዚያ የሚያንሰውን ስፖንጅ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ስፖንጅ በየጥቂት ቀኑ ካልታጠበ ራሱ የመታፈን ምክንያት ይሆናል። የፓምፑን ኀይል መቀነስም መፍትሔ ነው፤ ብዙ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ የሚሰቅል ፓምፕ ይገዛና ለትርፉ ኀይል ደግሞ ማብረጃ ይፈልጋል። አዲስ የተተከለ ገንዳ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በመስታወቱና በቧንቧው ላይ አረፋ ቢያሳይ ግን መቸኰል አይገባም፤ ግድግዳው ለስላሳ ልባስ ሲያወጣ አብዛኛው በራሱ ይጠፋል።

ከሁሉ የከፋው በፓምፑ መሳቢያ በኩል የሚገባው አየር ነው። ፓምፑ ከገንዳው ውጭ ተቀምጦ በቧንቧ ሲስብ፥ በመሳቢያው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት በውጭ ካለው አየር ግፊት ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ መጋጠሚያው ቢላላ ውኃ አይንጠባጠብም፤ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚሳበው። ባለቤቱም ወለሉ ደረቅ ስለ ሆነ ምንም ጥፋት የለም ብሎ ይዘናጋል። ማወቂያው ፓምፑ ሳይቆም በየመጋጠሚያው ላይ ርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ ማየት ነው፤ አረፋው የቀነሰበት መጋጠሚያ ጥፋተኛው ነው። ፈትቶ በቴፍሎን እንደ ገና መጠቅለል ወይም የላስቲክ ቀለበቱን መለወጥ ነው። የሳሙና አረፋ መቀባት በጋዝ ቧንቧ የተለመደ ቢሆንም እዚህ ሊደረግ አይገባም፤ ሳሙናው ተስቦ ወደ ዓሣው ይደርሳልና።

ይህ አየር የከፋ የሆነው በመልኩ አይደለም። ፓምፑ አየሩንና ውኃውን አብሮ ሲጨምቅ አየሩ ከልክ በላይ በውኃው ውስጥ ይሟሟል። ውኃ በአንድ ሜትር ጥልቀት የሚያድርበት ግፊት ከአየሩ ግፊት አንድ አሥረኛ ያህል ጭማሪ ስላለው፥ የሚሟሟው ጋዝም በዚያው መጠን ይጨምራል። ዓሣው ይህን ውኃ ሲተነፍስ ጋዙ በደሙና በአካሉ ውስጥ ተመልሶ አረፋ ይሆናል፤ በክንፉና በዓይኑ አጠገብ ደቃቅ አረፋ ይታያል፤ ዓይኑም ይጐለጐላል። በሰሜን አሜሪካ በኮሎምቢያ ወንዝ፥ ከግድቦቹ አናት የሚወርደው ውኃ አየር ይዞ ወደ ጥልቁ እየገባ፥ በ1960ዎቹ ዓመታት ብዙ የሳልሞን ዓሣ በዚህ በሽታ አልቋል። የዚያ አገር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በውኃ ውስጥ የሟሟው ጋዝ ከተገቢው መጠን 110 በመቶ እንዳያልፍ ልክ አድርጓል። በትልቁ ግድብ የሆነው በትንሹ ፓምፕም ሊሆን ይችላል፤ በውኃ ብክለት ምክንያት ሞቱ የተባሉ ብዙ የቤት ዓሦችም በላላ መጋጠሚያ የሞቱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ጂቡቲ ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ በኩል በተዘረጋው መስመር ኤሌክትሪክ ታገኛለች፤ ይሁን እንጂ በየትኛውም ከተማ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አይቀርም። ፓምፑ ሲቆም በመመለሻው ቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ታች ይመለሳል፤ የመመለሻው አፍ በውኃ ውስጥ ጠልቆ ከሆነም ሳይፎን ሆኖ የላይኛውን ገንዳ ይስባል። ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 50 ሳንቲሜትር በሆነ ገንዳ የመመለሻው አፍ 10 ሳንቲሜትር ጠልቆ ቢገኝ 60 ሊትር ይወርዳል። የታችኛው ገንዳ ለዚህ ባዶ ሥፍራ ከሌለው 60 ሊትር የጨው ውኃ በወለሉ ላይ ነው። እንግዲህ እስካሁን እንደ ጠላት ሲቈጠር የነበረው አየር በዚህ ሥፍራ ወዳጅ ይሆናል። በመመለሻው ቧንቧ ላይ ከውኃው ወለል አንድ ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ ቢበሳ፥ ውኃው እስከዚያ ሲጐድል አየር በቀዳዳው ገብቶ ሳይፎኑን ይበጥሳል፤ ከ60 ሊትር ፈንታ 6 ሊትር ገደማ ብቻ ይወርዳል። የማይመልስ ቫልቭ ገጥሞ በእርሱ መተማመን ግን አይበጅም፤ በጨው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣና ጨው በመዘጊያው ላይ ይጣበቁና ሳይዘጋ ይቀራል።

ተቃራኒውም መታሰብ አለበት። መውረጃው ፈጽሞ ቢታፈንና ፓምፑ ሥራውን ቢቀጥል፥ ፓምፑ ያለበት ክፍል እስኪደርቅ ድረስ ውኃውን ወደ ላይ ይሰቅላል። ይህ ክፍል 15 ሊትር የሚይዝ ቢሆን፥ ከላይ በተባለው ገንዳ ላይ ውኃውን 2.5 ሳንቲሜትር ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ በላይኛው ገንዳ ከውኃው እስከ መስታወቱ አፍ ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር መተው፥ የፓምፑንም ክፍል ከዚያ ባልበለጠ መጠን መሥራት ነው። ገንዳው ዓሣ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ሁለቱም ፈተና ይደረግበት፤ ፓምፑ ይነቀል፥ ከዚያም መውረጃው በእጅ ይደፈን። በቀን ብርሃን፥ ጨርቅና ባልዲ ይዞ የተፈተነ ገንዳ ሌሊት አያሳፍርም።

ይህ የመውረጃ ጕዳይ ዓሣ ለማያኖረውም የከተማ ነዋሪ ባዳ አይደለም። በ2013 በኢትዮጵያና በጂቡቲ መንግሥታት መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት፥ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን በሐደጋላ ከተቈፈሩት ጕድጓዶች የሚወጣው ውኃ ከ2017 ጀምሮ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጂቡቲ ይሄዳል፤ መስመሩ የተሠራው በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያስተላልፍ ነው። በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕር ውኃን ጨው አውጥቶ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ፋብሪካ ተመርቋል። ከሩቅ አገር በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ሁሉ በጕብታ ሥፍራ አየር ያጠራቅማል፤ አየሩም እንደ ዓሣው ገንዳ ቧንቧ መተላለፊያውን ያጠባል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ረጅም መስመር ከፍታ ላይ አየር ማስወጫ ቫልቭ ይተከላል፤ ቫልቩም በየጊዜው ካልተጐበኘ ከናካቴው ባይኖር ይሻል ነበር ያሰኛል። ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ የቤት ቧንቧ የሚያስለው በመስመሩ የገባው አየር ሲወጣ ነው። በዚያ ሰዓት ዋናውን መዝጊያ ጥቂት ብቻ ከፍቶ አየሩን በቀስታ ማስወጣት ይገባል፤ በኀይል የሚያልፍ አየር የቈጣሪውን ተሽከርካሪ ያዞራልና፥ ሰው ያልጠጣውን ሊከፍል ይችላል።

በሰገነት ላይ የሚቀመጠው ሮቶም ያው ነው። ብዙ ሰው የትርፍ ውኃ መውረጃውን ከመሙያው ቧንቧ ጋር እኩል ወይም ከእርሱ ያነሰ ያደርገዋል። መሙያው በግፊት የሚመጣ፥ መውረጃው ግን በክብደቱ ብቻ የሚወርድ ስለ ሆነ፥ መውረጃው ሁልጊዜ የሚሰፋ መሆን አለበት። አፉ በወንፊት ይሸፈን፤ በቀዳዳ የሚገባ ትንኝ በከተማው ለወባና ለደንጊ መራቢያ ይሆናልና። የወጥ ቤት ማጠቢያ ሲፈስስ የሚያጓራውም በቤቱ መውረጃ ላይ አየር ማስገቢያ ባለመኖሩ ነው፤ ውኃው የሚወርድበትን አየር ከሌላ ስላጣ በማጠቢያው ጕሮሮ ይስበዋል፤ አብሮም ሽታ የሚከለክለውን ውኃ ይዞ ይሄዳል። የሕንፃ ፈቃድ የሚመረምር ሹም በወረቀቱ ላይ የመውረጃውን ስፋት ብቻ ሳይሆን የአየር ማስገቢያውን ቧንቧ እስከ ጣራው መውጣቱን ቢመለከት፥ ብዙ አቤቱታ ከመምጣቱ በፊት ያልቃል።

ስለ ጥበቃው የሚቀረው ጥቂት ነው። በሞቃት ከተማ ከገንዳው የሚተነው ውኃ ብዙ ነው፤ የሚተነው ግን ውኃው ብቻ እንጂ ጨው አይደለም። የጐደለውን በባሕር ውኃ የሚሞላ ሰው ጨውን ያበዛል፤ በየቀኑ በጨው አልባ ውኃ መሙላት ነው። በፓምፑ ክፍል ያለው ውኃ ሲጐድል ደግሞ መሳቢያው አዙሪት ሠርቶ አየር ይውጣል፤ አጓት የመሰለ ውኃ በማግስቱ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ስለ ሆነ፥ ቧንቧ ከመፍታት በፊት የውኃውን ልክ መመልከት ይበጃል። በጎሚቶው ክዳን ላይ የተበሳው ቀዳዳ ከሚረጨው ጠብታ ጨው እየደረቀበት ይደፈናል፤ በወር አንድ ጊዜ በቀጭን ሽቦ ይወጋ። ሳራቺኔስካውም አልፎ አልፎ ጥቂት ዙር ተከፍቶ ወደ ቀድሞው ምልክት ይመለስ፤ የቆመበት ሥፍራ በእርሳስ ይመልከትበት፤ ቤቱን ለሌላ ሰው ትቶ የሚሄድ ባለቤት ምልክቱንና የሁለተኛውን ቧንቧ ድምፅ ለተረካቢው አሳይቶት ይሂድ።